በሶ፣ የግመል ወተት፣ በለስና ጤና አዳም በአንድ ቅርጫት ሲመጡ

ጥያቄው የመጣው ደሴ ውስጥ ምግብ ዝግጅት ከምትማር እህት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ለልምምድ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ሰጡን። ሲገለጥ በሶ፣ አንድ ሊትር የግመል ወተት፣ ስምንት በለስና አንድ እፍኝ ጤና አዳም አለበት። ስኳር፣ እንቁላል፣ ሎሚ፣ ቅቤና ኮርን ስታርች ከመደርደሪያ ማንሳት ይቻላል። በ45 ደቂቃ ውስጥ አራቱንም የያዘ ማጣጣሚያ ሥሩ ተባልን። ወተቱን በሎሚ አይብ ላደርገው ብሞክር እምቢ አለኝ። በለሱን በሚክሰር ፈጨሁት፣ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ አለ። ጤና አዳሙን ከስኳር ጋር ባፈላው መረረ። በሶውን ከላይ ነሰነስኩት። መምህራችን ቀምሶ ‹አራቱም አሉ፣ ማጣጣሚያው ግን የለም› አለኝ። ፈተናው ነሐሴ 6 ነው፤ ያኔ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። እንዲህ ያለ ግራ የገባው ዕቃ ሲሰጠኝ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ የመምህርሽ አነጋገር ቢያምም እውነት አለው። አራት ዕቃ ተሰጠሽ፣ አራት ሥራ ሠራሽ፤ አንዱን አይብ፣ አንዱን ጭማቂ፣ አንዱን ሽሮፕ፣ አንዱን ብናኝ። ሳህን ላይ ሲገናኙ አልተዋወቁም። ችግሩ ያለው እጅሽ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተልሽ ላይ ነው። የጀመርሽው ከዕቃው ነው፤ እኔ ብሆን የምጀምረው ከመጨረሻው መልክ ነው። በሲኒ የሚበላ ክሬም ነው? በእጅ የሚያዝ ብስኩት ነው? በሹካ የሚቆረጥ ኬክ ነው? ይህን ሳትወስኚ እሳት ከለኮስሽ እያንዳንዱ ዕቃ በየፊናው ይወስድሻል።

በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ የማልለቃት አንዲት ሕግ አለችኝ፦ የማታውቂውን ዕቃ በማታውቂው አሠራር አትንኪ። ዕቃው እንግዳ ከሆነ አሠራሩ የቤት ልጅ ይሁን። ከእንቅልፍሽ ቢቀሰቅሱሽ ሚዛን ሳታዪ የምትሠሪያቸው ሦስት ነገሮች ይኑሩሽ፤ በስታርች የሚረጋ ክሬም፣ በቅቤ ታሽቶ የሚፈረፈር ብስኩት፣ የማንኪያ ጀርባ የሚሸፍን ሽሮፕ። የመጣው ቢመጣ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ማደሪያ አያጣም። ፈተናው ላይ አዲስ አሠራር እፈጥራለሁ ብሎ የተነሣ ተማሪ ሲሳካለት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ዕድል ነበር።

ቅርጫቱ እንደተገለጠ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምንም አትሥሪ፤ ቅመሺ። ሁሉንም በጥሬው፣ በጣትሽ ጫፍ። ጅጌ የጠራ ገበሬ የመጣውን ሰው ሁሉ ሞፈር አያሲዝም አይደል? አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ጉልጓሎ ይነቅላል፣ አንዱ ጠላ ይቀዳል። አንቺም ለየአንዳንዱ ዕቃ «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» በይው። ጣፋጭ ነህ? ኮምጣጣ ነህ? ቅባት አለህ? ታጠብቃለህ? ትንኮሻኮሻለህ? ወይስ ሽታህ ብቻ ነው የሚፈለገው? በማጣጣሚያ ውስጥ ከነዚህ ስድስት ሥራዎች ውጭ ብዙም የለም። በአንቺ ቅርጫት ወተቱ ቅባትና እርጥበት ነው፣ በለሱ ጣፋጭ ነው፣ በሶው የሚንኮሻኮሽ ነው፣ ጤና አዳሙ ሽታ ነው። የጎደለው ማነው? ኮምጣጣውና የሚያጠብቀው። ሁለቱም መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ ሎሚና ኮርን ስታርች። አንቺ ግን ሎሚውን ለማጥበቂያ ላክሽው፣ ስታርቹን ጭራሽ ሳትነኪው ቀረሽ።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

አይብ እምቢ ያለሽ ሎሚ አሳንሰሽ አይደለም። የላም ወተት የሚረጋው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ስለሚሠራ ነው። ከኬዚን ዓይነቶች ለመርጋት ትልቅ ድርሻ ያለው ካፓ ኬዚን የሚባለው ነው። በላም ወተት ውስጥ ከጠቅላላው ኬዚን 13 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በግመል ወተት ግን 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በላዩ ላይ የግመሉ ኬዚን እንክብሎች ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፤ የላም ወተት ውስጥ ያለው ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ እዚህ ጭራሽ የለም። ውጤቱን አንቺው አይተሽዋል። ይቆራረጣል እንጂ አይጨበጥም፤ በጨርቅ ስታጠልይው ግማሹ ከአጓቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቀዋል። አፋሮቹ የግመሉን ወተት ትኩሱን ወይም አኩሽተው ይጠጡታል እንጂ አይብ ሲያወጡበት አታዪም። ሳይንሱ ከተጻፈ በኋላ እኛ በትምህርት ቤት የምንደክምበትን እነሱ ትተውት ኖረዋል።

ስለዚህ ወተቱ ራሱ እንዲረጋ አትጠብቂ፤ ሌላ ነገር ይያዘው። ስታርች የወተቱ ፕሮቲን ምንም ይሁን ምን ግድ የለውም፤ ውሃ ካገኘና ከሞቀ ያብጣል፣ ያጠብቃል። እንቁላልም እንዲሁ የሚረጋው በራሱ ፕሮቲን ነው። ለግማሽ ሊትር የግመል ወተት 40 ግራም ኮርን ስታርች፣ 70 ግራም ስኳርና ሁለት አስኳል እጠቀማለሁ። ጨው አትጨምሪ፤ ወተቱ በራሱ ትንሽ ጨው ጨው ይላል፣ ያን ጣዕም ከወደድሽው ያምራል።

አስኳሉን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለዚህም የራሴን ጉድ ማውራት ሊኖርብኝ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ እንግዶች ያድሩበታል። «ያገር ጣዕም ያለው ነገር ሥራ» ተብዬ ሐሳቤ በሙሉ ብቅል ላይ አረፈ። የገብስ ብቅል ቆሎ ቆሎ፣ ማር ማር ይሸታል። ክሬሙን ሠራሁ፣ ልክ እንደ ገንፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሳቱን ቀንሼ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብቅል ዱቄት አማሰልኩበት። ቀመስኩት፤ ደስ አለኝ። ብርጭቆዎቹን ላቀርብ ዞሬ ተመለስኩ። ማማሰያውን ሳነሣው እንደ ቀጭን ሾርባ ተንጠባጠበ። ዓይኔ ነው ብዬ እንደገና አማሰልኩት፤ የባሰ ቀጠነ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ውስጥ የቀረው የሚጠጣ ነገር ነው። ስታርች ጨመርኩ፣ ወፈረ፣ ተመልሶ ቀጠነ።

ዕቃ ታጥብ የነበረች አንዲት እትዬ፣ ቤቷ ጠላ የምትጠምቅ፣ ጥግ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። «ምን ጨመርክበት ልጄ?» አለችኝ። ብቅል አልኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንኩሮውን ጋን ውስጥ የሚያቀልጠው ማን መሰለህ ታዲያ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እህል ሲበቅል ውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም፣ አሚሌዝ የሚባለውን፣ ያዘጋጃል። ጠላ የሚጠመቀው በዚህ ነው። ኢንዛይሙ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ በደንብ ይሠራል፤ እኔ ክሬሜን ትኩስ አድርጌ የሰጠሁት ደግሞ እሱ የሚወደውን ሙቀት ነው። ሞኝነቴ ጣዕሙን ብቻ ቀምሼ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሳልለው መቅረቴ ነው። ብቅል ቢመጣብሽ ሁለት መንገድ አለሽ። ጣዕሙን ብቻ ከፈለግሽ መጀመሪያ በፈላ ውሃ በደንብ አብስይው፣ ኢንዛይሙ ይሞታል። ካልሆነም ሥራውን ሆነ ብለሽ ተጠቀሚበት፤ የገብስ አጥሚት ሠርተሽ በ65 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ ሰዓት ከብቅል ጋር ብታቆዪው ስኳር ሳትጨምሪ ይጣፍጣል፣ ከዚያ አፍልተሽ ታስቆሚዋለሽ።

አስኳልም የዚሁ የብቅል ዘመድ ናት። ውስጧ አሚሌዝ አለ። ስታርች ያለበትን የአስኳል ክሬም ገና መወፈር ሲጀምር ከእሳት ካወረድሽው ሲቀዘቅዝ ያምራል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ውሃ ይተፋል። ስለዚህ ፈልቶ መሃሉ ቧ ቧ ሲል ሁለት ደቂቃ ሙሉ እያማሰልሽ ቆዪ። «እንቁላሉ ይቋጠራል» ብለሽ አትፍሪ፤ ስታርች ባለበት አይቋጠርም።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለክሬሙ ችግር የለውም። ለሽሮፕና ለስኳር ግን ቴርሞሜትር ይዞ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ የሚያሳርረው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉ 116 ዲግሪ ካለሽ ስምንት ቀንሺ፣ 108 ላይ አውርጂው። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 650 ሜትር ዝቅ ስለምትል ስድስት ብትቀንሺ ይበቃል። የኬክ ሊጥም እዚህ ከፍታ ላይ ቶሎ ይነፋና ይወድቃል፣ ቤኪንግ ፓውደር ቀነስ አድርጊ። ይሄን ካወቅሽ በቂ ነው።

ጊዜውስ? 45 ደቂቃ ክሬም በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ለማቀዝቀዝ አይበቃም። ስለዚህ በሲኒ አቅርቢው። ሲኒ ጥቂት ነገር ስለሚይዝ፣ ሸክላውም ስስ ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ትሪ ላይ ስትደረድሪው በሩብ ሰዓት ይያዛል። ማጣጣሚያ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ምሳ ነው። ወሎ ውስጥ ሲኒ የማያውቅ ዳኛ አይመጣብሽም፤ ገና ሲያየው ቡና ቡና ይሸተዋል። ጄላቲን ለዚህ ጊዜ አይሆንም፣ ለመርጋት ሰዓታት ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለው፣ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

በሶው። መነስነስሽን አልወድልሽም፤ ዱቄት የሆነ ነገር በደረቁ ከላይ ሲነሰነስ ሰውን ያስላል። በሶ ግን በዚህ ቅርጫት ውስጥ ጠንካራው ሠራተኛ እሱ ነበር። ገብሱ አስቀድሞ ስለታመሰ ዱቄቱ እሳት ሳያይ ይበላል፣ ለመንገደኛ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ማብሰል አያስፈልግሽም፣ ማያያዝ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። 100 ግራም በሶ፣ 50 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ፣ 40 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። በጣቶችሽ ጫፍ እሺው፣ በመዳፍሽ አይደለም፤ መዳፍ ይሞቅና ቅቤውን ያቀልጣል። አተር አተር የሚያክል ፍርፋሪ ሲሆን መጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት ስድስት ሰባት ደቂቃ እያንቀሳቀስሽ አድርቂው። ገብስ እንደ ስንዴ የሚሳብ ሊጥ ስለማይሠራ ይፈረፈራል፤ ለዳቦ የሚያስጠላው ጠባይ እዚህ የምንፈልገው ነው። ከእሳት የምታወርጂው በዓይን አይደለም፣ በሶው መጀመሪያውኑ ቡናማ ነው፣ ዓይን ያታልላል። አዲስ የታመሰ ቆሎ ሽታ ሽው ሲልሽ አውርጂ። ክሬሙ ላይ የምታደርጊው ዳኛው ሲጠራሽ ነው እንጂ ቀድመሽ አይደለም፤ እርጥበት ካገኘ በአሥር ደቂቃ ጭብጦ ይሆናል። ለጋ ቅቤ ተጠቀሚ። ቅመም የገባበት ከሆነ ኮረሪማው ጤና አዳሙን ይውጠዋል።

በለሱን ሚክሰር አታስገቢው። አሸዋው የተፈጨው ፍሬው ነው። ሰው በለስ ሲበላ ፍሬውን ከነሙሉው ይውጠዋል፣ አያስቸግረውም፤ ሚክሰር ግን ይሰብረዋል። ሳር ላይ አንከባለሽ እሾሁን አራግፊ፣ ልጪው፣ በእጅሽ ጨፍልቂውና በወንፊት አጥልይው። ከስምንት በለስ ስድስቱን እንዲህ አድርጊ፣ ሁለቱን በቀጭን ቆርጠሽ አስቀምጪ። በለስ ስኳር አለው፣ ኮምጣጣነት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ብቻውን ሲቀመስ ጣፋጭ ውሃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሎሚው መግባት የነበረበት እዚህ ነው። ጭማቂውን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ሞቅ አድርጊ፤ ብዙ አታፍይው፣ ቀለሙ ረጅም እሳት አይወድም፣ ቀዩ ይደበዝዛል። ካወረድሽው በኋላ ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት። ሎሚ ከስታርች ጋር አብሮ እንዲፈላም አታድርጊ፣ ስታርቹን ያሳሳዋል።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን በለስ ላይ ትንሽ ወጥመድ አለው። ገበያ የምትገዢው በለስ የቁልቋል ፍሬ ነው፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው በለስ ሌላ ዛፍ ነው፣ የሾላ ዘመድ። ያኛው በጥሬው ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፣ ጄላቲን ያፈርሳል። ፓፓያ፣ አናናስና ዝንጅብልም በጥሬያቸው እንዲሁ ናቸው። ጥሬ ፓፓያ ከወተት ጋር ትንሽ ሲቆይ መምረር የሚጀምረውም በዚሁ ነው፤ አንዴ ካፈላሽው ግን ሰላም ነው።

ጤና አዳም ላይ ያጠፋሽው ማፍላትሽ ነው። እናትሽ ቡና ላይ እንዴት ነው የምትጠቀመው? ሲኒው ውስጥ ዘለላውን ነከር ታደርገዋለች፣ ጀበናው ውስጥ አታፈላውም። ሽታው የሚተን ዘይት ነው፣ ሲፈላ ይሄዳል፤ ምሬቱ ግን ቅጠሉ ውስጥ ይቀርና ወደ ሽሮፑ ይወጣል። የበለሱ ሽሮፕ ከእሳት ሲወርድ አንድ ትንሽ ዘለላ ነክረሽ ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ አውጪው። እፍኝ ሰጡሽ ማለት እፍኝ ተጠቀሚ ማለት አይደለም። ነፍሰ ጡር ዳኛ ካለች አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ጤና አዳም በእርግዝና ጊዜ አይመከርም።

ጊዜውን እንዲህ ባከፋፍለው፦ አምስት ደቂቃ ቅምሻ፤ እስከ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ክሬሙ አልቆ ሲኒ ውስጥ ገብቶ ውሃ ላይ ተቀምጧል። እሱ ሲቀዘቅዝ በሶውን ታሻለሽ፣ ታደርቂያለሽ። በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ በለሱን ትጨፈልቂያለሽ። አርባ ሲሞላ ሽሮፕ በክሬሙ ላይ፣ ሁለት ቁራጭ በለስ፤ ፍርፋሪው ዳኛው ሲጠራሽ። አምስት ደቂቃ ተርፎሻል፤ በዚያ ጊዜ ጠረጴዛሽን ጥረጊ፣ ዳኞች ያዩታል።

አሁን ወደ ቀኑ። ነሐሴ 6 ብለሻል። ፍልሰታ ነው እኮ! ነሐሴ 1 ገብቶ እስከ 15 ይቆያል፤ በዚህ ጾም ሌላውን የማይጾመው ሕፃን እንኳ ይጾማል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ዳኛ ካለ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል አይቀምስልሽም። የግመል ወተት ከሆነ ደግሞ ጾም ባይሆንም አይነካውም፤ ክርስቲያኑ ዘንድ የግመል ነገር አይበላም፣ አይጠጣም። መምህርሽ ቀምሶልሻል፤ የፈተናው ዳኞች ግን ሦስት ቢሆኑ ሦስቱም እሱን አይሆኑም። በሌላ በኩል ጄላቲን ከአሳማም ከከብትም ስለሚሠራ ማሸጊያው ላይ ሐላል መሆኑ ካልተጻፈ ሙስሊሙ ዳኛ እጁን ይሰበስባል፤ ለጾመኛውም ከእንስሳ የመጣ ነው። አልኮል ያለበት ቫኒላም እንዲሁ ነው። ደሴ ላይ ማጣጣሚያ የሚሠራ ሰው ከጣዕም በፊት «ይሄን ማን ይበላዋል?» ብሎ ካልጠየቀ የሠራው ሳይቀመስ ይመለስለታል። ከፈተናው በፊት መምህርሽን በግልጽ ጠይቂው፤ የጾም ነው የፍስክ? ነውር የለውም። ሆቴል ውስጥ እኛም ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

የጾም ከሆነ ያው ክሬም በሱፍ ይሠራል። ሱፉን ለቅመሽ፣ ቀቅለሽ፣ ወቅጠሽ በውሃ ስታጠልይው የሚወጣው ነጭ ወተት ቅባትም መዓዛም አለው፤ ለፍትፍት የለመድነው ስለሆነ ጣፋጭ ውስጥ ማንም አይጠብቀውም። ወፈር አድርገሽ አጥልይው፣ ስኳሩን ወደ 80 ግራም አድርሺው፣ አስኳሉን ተይው፤ ስታርቹ 45 ግራም ይሁን። ሎሚ አታስጠጊው። የበሶው ፍርፋሪ ላይ በቅቤው ፈንታ 35 ግራም ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር አድርጊ። ማር ለጾም ይሆናል፤ የላስታ ማር ካገኘሽ ደግሞ ስኳሩንም ተይው። የእንቁላልን የማያያዝ ሥራ ከፈለግሽ ተልባ አለልሽ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከሦስት ማንኪያ ውሃ ጋር አሥር ደቂቃ ቢቆይ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። ለብስኩት ይሆናል፣ ለክሬም አልወደውም፣ ልሐጭ ልሐጭ ይላል።

ሌላ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት አልችልም፤ መምህሮችሽ ግን ከገበያ እንደሚገዙ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ልበል። አብሽ ከመጣ በጥሬው አታስገቢው፣ ነክረሽ ውሃውን ደጋግመሽ ድፊ፣ ምሬቱ ይሄዳል፤ ሲታመስ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ያወጣል፣ ሶቶሎን የሚባል ነገር ስላለው ነው፣ ከካራሜል ጋር ወንድማማች ናቸው። ቁርቁራ ደርቆ ከመጣ እንደ ቴምር አስቢው፣ በውሃ አፍልተሽ አጥልይና ሽሮፕ አድርጊው። አጋምና ኮሽም ኮምጣጣ ናቸው፣ የሎሚን ሥራ ስጫቸው። ማሽላ ከመጣ በጋለ ምጣድ ላይ ፈንዲሻ አድርጊው፣ ለመንኮሻኮሽ ከዚያ የተሻለ የለም። ኑግ ጥቁር ነው፣ ክሬም ውስጥ ከገባ ያስቀይማል፤ ከፍርፋሪው ጋር ይሁን። ለቀሪቦ እንደሚደረገው ጠቆር ብሎ የታመሰ ገብስ ከመጣ ዕድለኛ ነሽ፤ በወተት አፍልተሽ ስታጠልይው ቡናና ቸኮላት መሃል ያለ ጣዕም ይሰጥሻል። በርበሬ ከመጣ፣ በቁንጥር፣ ማር ውስጥ። ሽንኩርት ከመጣ ዳኛው ክፉ ሰው ነው።

ልምምዱን ለብቻሽ አታድርጊው። ዕቃውን አንቺ ከመረጥሽ የምታውቂውን ትመርጫለሽ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለሽ ሁለት መቶ ብር ሰጥተሽ ገበያ ላኪ፣ «ሦስት የማይገናኝ ነገር ይዘህ ና፣ ምን እንደገዛህ አትንገረኝ» በይው። ልጆች በዚህ ጨካኝ ናቸው፤ የእኔ እህት ልጅ አንዴ ቃሪያ፣ ሽምብራና የሎሚ ከረሜላ አምጥቶልኛል። ሽምብራውን በሠራሁት ነገር እስካሁን እኮራለሁ፣ ቃሪያውን ግን እኔም አልቻልኩትም። እስከ ነሐሴ 6 እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ብትሠሪ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ሲኒ ደርድረሽ፣ ለጎረቤት አቅምሺ፤ የሚያቀምሱት ሰው «ጎበዝ» ካለሽ አትመኚው፣ ሲኒው ተጠርጎ ከተመለሰ ግን እመኚው። የግመሉን ወተት በስታርች ስትሞክሪውም ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ በተለይ ሁለቱን ደቂቃ ሳትፈሪ አፍልተሽው እንደሆነ።